ግቢያችሁ ውስጥ ዋና ገንዳ ልታሰሩ ያሰባችሁ ዳያስፖራዎች፣ መጀመሪያ አፈሩንና ከስር ያለውን ውሃ እዩ

ቢሾፍቱ፣ አያት፣ ቡልቡላ ወይ ባህር ዳር ቦታ ያላችሁና ገንዳ ላሰራ የምትሉ ሰዎች የሴራሚክ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ይሄን አንብቡት። ገንዳን ገንዳ የሚያደርገው ከስር የሚቀበረው ስራ ነው፣ እናንተ ደግሞ ዲሲም ሁኑ ዱባይ የሚላክላችሁ ፎቶ ሁሉም ነገር ከተደፈነ በኋላ የተነሳ ነው። ስለዚህ ህጉ አንድ ነው፣ የሚቀበር ስራ ሳይታይ ብር አይለቀቅም።

ጥቁሩ አፈር፣ መረሬ በሉት ኮቲቻ፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል በጋ ደግሞ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አንዱን ጥግ ሲያነሳ ሌላውን ሲለቅ አርማታው ይሰነጠቃል፣ ከዛ ገንዳው ማፍሰስ ይጀምራል፣ የፈሰሰው ውሃ አፈሩን እንደገና ያሳብጠዋል፣ አለቀ። አጠገቡ ትልቅ ባህር ዛፍ ካለ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ እየመጠጠ ያደርቀዋል።

መጀመሪያ ሶይል ቴስት አሰሩ። ፎርማኑ "እኔ አፈሩን አውቀዋለሁ፣ ጎረቤትም ሰርቻለሁ" ይላችኋል፣ እሺ በሉትና ቴስቱን አሰሩት። ከገንዳው ስር የሚወርድ፣ 3 ሜትር ገደማ የሆነ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ናሙናው ላብራቶሪ ይግባ፣ ሪፖርቱ ላይ ፍሪ ስዌል የሚለውን፣ ማለትም አፈሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ በስንት ፐርሰንት እንደሚያብጥ የሚያሳየውን ቁጥር ፈልጉ። ከ50 ፐርሰንት በላይ ከሆነ አፈሩ ያብጣል ብላችሁ አስቡ፣ ምን ያህል ተቆፍሮ ይውጣ የሚለውን ደግሞ ለፎርማኑ ሳይሆን ለኢንጂነሩ ተዉት።

ጉድጓዱን ግን ወዲያው አታስደፍኑት። ሰው እንዳይገባበት በደንብ ይከደንና ነሐሴና መስከረም ላይ ውሃው የት እንደደረሰ በሜትር ተለክቶ ፎቶ ይላክላችሁ። ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ጥቅምትንም ጠብቁ፣ ጣና የሚሞላው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። የካቲት ላይ ተቆፍሮ "ደረቅ ነው" የተባለ ጉድጓድ ምንም አይነግራችሁም።

ለምን ይሄን ያህል አጥብቃለሁ? ባዶ ገንዳ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። አስቡት፣ 8 በ4 ሜትር የሆነ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ወለሉም ግድግዳውም 20 ሳንቲም አርማታ የሆነ ገንዳ ወደ 35 ቶን ይመዝናል። የከርሰ ምድር ውሃው ከወለሉ የታችኛው ገጽ 1 ሜትር ወደ ላይ ከወጣ ወደ 37 ቶን ጉልበት ወደ ላይ ይገፋዋል። ማለትም ዘበኛው "ላጽዳው" ብሎ ነሐሴ ላይ ውሃውን ካስወጣው ገንዳው ሊነሳ ይችላል፣ ቧንቧውም አብሮ ይቆረጣል።

ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በገረጋንቲ ሲሞላ በ20 ሳንቲም በ20 ሳንቲም እየተነጠፈ በሮለር ይጠቅጠቅ፣ አንዴ ገልብጦ ከላይ ማስተካከል አይሰራም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፣ ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር መሀል ገረጋንቲ ከሞላችሁ ጉድጓዱ የክረምቱን ውሃ ሰብስቦ ይይዛል። ስለዚህ ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ በጠጠርና በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ) ተጠቅልሎ ይቀበር፣ ግቢው ተዳፋት ከሆነ ወደ ታች ይውጣ፣ ሜዳ ከሆነ ደግሞ ጥግ ላይ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተሰርቶ ፓምፕ ይቀመጥበት። ግን ፓምፑን ብቻ አትመኑ፣ ዝናቡ ሲጠና መብራትም እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ወለሉ ላይ የውሃ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ይገጠም፣ ዋጋው ከገንዳው ጋር ሲተያይ ምንም ነው። የጣራ አሸንዳና የሴፕቲክ ታንክ ውሃም ወደዛ እንዳይመጣ አድርጉ። ውሃው በጣም ቅርብ ከሆነ ደግሞ የኔ ምክር ግማሹን ከመሬት በላይ አውጥታችሁ ዙሪያውን ደረጃና አትክልት አድርጉበት ነው፣ ቁፋሮውም ይቀንሳል ግፊቱም ይቀንሳል፣ ያምራልም።

ክፍያው በዚህ ይከፈል፣ ቁፋሮው ሲያልቅ፣ ፒቪሲውና ጠጠሩ ሳይሸፈን፣ ፌሮው ታስሮ አርማታ ሳይፈስ። በየደረጃው ሜትር ተዘርግቶ የሚታይበት ቪዲዮ ይምጣ፣ የሚቆጣጠረው ኢንጂነርም ከኮንትራክተሩ ጋር የማይተዋወቅና እናንተ የምትከፍሉት ይሁን። የአጎት ልጅ ጥሩ ነው ግን የአጎት ልጅ ፌሮ አይቆጥርም። አርማታው ከጠነከረ በኋላ ሴራሚክ ሳይለጠፍና ዙሪያው ሳይሞላ ውሃ ሞልተው ለቀናት ይተዉት፣ አጠገቡ ባልዲ ውሃ ይቀመጥ፣ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ ያፈሳል ማለት ነው። ይሄ ግን ዙሪያው በውሃ ሳይከበብ በበጋ ነው የሚደረገው። ግድግዳው ጎን ተመልሶ የሚሞላው ደግሞ ያው የወጣው ጥቁር አፈር እንዳይሆን፣ የሲኖትራክ ክፍያ ለማትረፍ ሲባል ይደረጋል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ኤምባሲ ወይ ቆንስላ ያሰራችሁት ውክልና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ካልተመዘገበ ብዙ ቦታ አይሰራም፣ የግንባታ ፈቃድ ማውጣትና ውል መፈረም የሚል ቃል በግልጽ ይኑርበት። ገንዳው በፈቃዱ ፕላን ላይ መግባቱንም ጠይቁ።

አልቆ ሲረከቡላችሁ የፓምፑ ክፍል በር ላይ በትልቁ ይጻፍ፦ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገንዳው ባዶ አይደረግም፣ ለማጽዳት የግድ ከሆነ መጀመሪያ የማጠራቀሚያው ጉድጓድ ውሃ ይለካ፣ ለኢንጂነሩም ይደወል።