ምስሉ ሲቆም ሪሴት አትጫኑ

በፋይበር የሚመጣ የኢንተርኔት ቴሌቪዥን በየቤቱ ስገጥም ዓመታት ተቆጠሩ። ዛሬም የምጠራው ለዚያው ለድሮው ጥፋት ነው።

ምስሉ ቀጥ ሲል ሰው ወዲያው መርፌ ይፈልጋል። ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ተጭኖ ይይዛታል። እባካችሁ ተዉ! ሪሴት ማለት አጥፍቶ ማብራት አይደለም። የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ፣ የቴሌቪዥኑ ቪላን ቁጥር (የቴሌቪዥኑን መስመር ከኢንተርኔቱ የሚለየው ቁጥር)፣ የዋይፋዩ ስም ሳይቀር ድራሹ ይጠፋል። ቅድም የቆመው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር፤ አሁን ኢንተርኔቱም አብሮ ሄደ። ሥራውን ስጀምር እኔም በሰው ቤት አድርጌዋለሁ። ቁጥሮቹን የጻፈ ሰው ስላልነበረ ቤተሰቡ እስከ ማግስቱ ያለ ኢንተርኔት ቆየ። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ራውተር ከመንካቴ በፊት የሴቲንግ ገጾቹን አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። እናንተም አንሱ። ማጥፋት ካስፈለገ ከሶኬቱ ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ምስል በተቆራረጠ ቁጥር «ፍጥነቱ አንሶ ነው» ይባልና ትልቅ ፓኬጅ ይገዛል። ገንዘቡን ውኃ በላው። አንድ ባለ 4ኬ ቻናል ቢበዛ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ቢፈልግ ነው፤ ተራው ኤችዲ ከ10 በታች ይበቃዋል። 100 ሜጋቢት በሚገባበት ቤት አንድ ቻናል ከቆመ ጥፋቱን ፍጥነቱ ላይ አትፈልጉ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው መልቲካስቱ ላይ ነው። የቀጥታ ቻናል ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው አይላክም። አንዱ ስርጭት ለሁሉም ይወጣል፤ የፈለገ ዲኮደር «ለእኔም ይምጣ» ብሎ አይጂኤምፒ በሚባለው የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ይጠይቃል። ራውተሩ ይህን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ላይ ካላደረሰ ምስል የለም። ስለዚህ አይጂኤምፒ ፕሮክሲ የሚለው ሴቲንግ መብራቱን እዩ። ስኑፒንግ የሚለውንም አብሩት። እሱ ከሌለ ስርጭቱ ማንም ባልጠየቀበት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ሁሉ ይፈስሳል፣ ዋይፋዩም ይታነቃል።

አንድ ቤት ምስሉ ከተከፈተ ከ4 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ይቆማል። ቻናል ሲቀይሩ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ይቆማል። ፓኬጁን ሁለት ጊዜ አሳድገውታል። የስልኬን ሰዓት ከፍቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩና ቆጠርኩ። 260 ሰከንድ። ሁለተኛ ጊዜ ቆጠርኩ፣ ያው 260። ይኼኔ ገባኝ። በአይጂኤምፒ የተለመደው አሠራር በየ125 ሰከንዱ «አሁንም የሚያይ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሁለት ዙር አልፎ 10 ሰከንድ ሲጨመርበት መልስ ያልተሰማበት ፖርት ይዘጋል። እነሱ በራውተሩና በዲኮደሩ መሃል ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ኬብል የሚያካፍል ሳጥን) ጨምረዋል፤ ስዊቹ ስኑፒንግ አለው፣ ጥያቄውን የሚጠይቅ ግን በቤቱ ውስጥ የለም። ካልተጠየቀ ዲኮደሩ ምን ብሎ ይመልስ? ያንን ጥያቄ የሚጠይቀውን የስዊቹን ሴቲንግ፣ ኩዌሪየሩን፣ አበራሁት፣ በቃ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሰዎቹ ግን ወራት ሙሉ ለፍጥነት ከፍለዋል።

ዲኮደሩን ያገኛችሁት ፖርት ላይ አትሰኩ። ብዙ ራውተር ላይ ለቴሌቪዥን የተመደበ ፖርት አለ፤ ሌላው ላይ ስትሰኩት ኢንተርኔት ያገኛል፣ ቻናል አያገኝም።

የራሳችሁን ሁለተኛ ራውተር ከዋናው ኋላ አስገብታችሁ ዲኮደሩን እዚያ ላይ ካደረጋችሁትም ብዙ ጊዜ ስርጭቱ ሁለተኛውን ራውተር አያልፍም። ወይ ዲኮደሩን ወደ ዋናው መልሱት፣ ወይ ሁለተኛውን አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ ማከፋፈያ ብቻ፣ አድርጉት።

ዲኮደሩን በዋይፋይ ማገናኘት ቀላል እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ከቻላችሁ ኬብል ሳቡ። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋቢት ያደርሳል።

ፋይበሩን ደግሞ እንደ መብራት ገመድ አትጠፉት። ውስጡ መስታወት ነው። ከቁምሳጥን ጀርባ ተጣጥፎ ሲጨመቅ ብርሃኑ ያመልጣል፣ ኤልኦኤስ የምትለዋ፣ የፋይበሩ ብርሃን መጥፋቱን የምታሳየው መብራትም ትቀላለች። ከተረፋችሁ በሰፊው ጠቅልሉት፤ ክቡ ቢያንስ 6 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። አረንጓዴው ጫፍ በ8 ዲግሪ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ከሰማያዊው ጋር አይገጥምም፣ ገፍታችሁ አታስገቡት። ጫፉን በጣት አትንኩ። ወደ ውስጡም በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ የሚመጣው ብርሃን ለዓይን አይታይም፣ የለም ማለት ግን አይደለም። ልጆች ካሉ ይህን ንገሯቸው።

ለባለሙያ ስትደውሉ «አይሠራም» ብቻ አትበሉ። የትኛዋ መብራት ቀላች? ስንት ሰከንድ ቆይቶ ቆመ? አንድ ቻናል ነው ሁሉም? መርጣችሁ የምትከፍቱት ፊልም እየሠራ የቀጥታው ቻናል ብቻ የሚቆም ከሆነ ይህን በተለይ ንገሩን፤ እኔ ይህን ከሰማሁ ቤታችሁ ሳልደርስ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ።