ጅራት ብቻ የሚያነሳ ካሜራ፦ የቦብካት ፎቶ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቨርጂኒያ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ጫካ የዱር ካሜራ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ) ግንድ ላይ ካሰርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያው የፎቶ ካርድ ላይ ቦብካት (የሰሜን አሜሪካ የዱር ድመት) ነበረ፤ ማለቴ ጅራቱ ነበረ። አጭር፣ ጫፉ ከላይ ጥቁር ከሥሩ ነጭ።

ጅራት ብቻ ከመጣ፦ ካሜራው መንገዱን በቀጥታ ከጎን እያየ ነው። ቦብካት ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሴንሰሩ ሙቀቱን ለይቶ እስኪያነሳ ድረስ ፊቱ ከፍሬሙ ወጥቷል። ካሜራውን ከመንገዱ ጋር ወደ 45 ዲግሪ እንዲሆን አዙሩት። ሙሉ በሙሉ በመንገዱ ርዝመት እንዲያይ እንዳታዞሩት ግን፤ ሴንሰሩ በደንብ የሚለየው ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍን ሙቀት ነው። ከፍታውንም ወደ ጉልበት አውርዱት። ለአጋዘን የተሰቀለ ካሜራ ድመቷን ከላይ አልፎ ያያል።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ የሚቆምበትን ቦታ መፈለግ ነው። ቦብካት በኋላ እግሮቹ ቅጠሉን ጫር ጫር ያደርግና ሽንቱን ወይም ኩሱን ይተዋል፤ ግዛቱን ማስታወቁ ነው። እንዲህ ያለ ጭረት ካገኛችሁ ሦስት ሜትር ራቅ ብላችሁ እዚያ ላይ አነጣጥሩ።

ባዶ ፎቶ ከበዛ፦ ፀሐይ ያሞቀው ሣር ሲወዛወዝ ነው። እጨዱት፤ ካሜራውንም ወደ ሰሜን አዙሩት።

ሌሊት ፊቱ ነጭ ሆኖ ከጠፋ፦ ካሜራው በጨለማ የሚጠቀምበት የኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ) መብራት በዝቷል። ከመብራቶቹ ከፊሉን በስስ ፕላስተር ሸፍኑ።

አንዴ ታይቶ ከጠፋ፦ ሄዷል ማለት አይደለም። ብቻውን የሚኖር፣ ሰፊ ግዛት የሚዞር እንስሳ ነው። ካሜራውን አታንሱ፣ በየሁለት ቀኑም ካርድ ለማየት አትሂዱ። እኔ በሦስት ሳምንት አንዴ ነው የምሄደው፤ መጀመሪያ ላይ አልቻልኩም ነበር።

የቤት ድመት ይሁን አይሁን ካጠራጠረ ጆሮውን ከኋላ እዩ፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ አለ።

በቀን ከታየ፦ ጎረቤቴ «አብዶ ይሆናል» ብላ ልጆቿን አስገባች። አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ንጋትና ምሽት ላይ ቢሆንም በቀን መታየቱ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። በፀደይ የወለደች እናት ግልገሎቿን ለመመገብ በቀንም ታድናለች። የሚንገዳገድ ወይም ሰው ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን ሳትጠጉት ለአካባቢው የእንስሳት ቁጥጥር ደውሉ።