ለምላጭ የተፈጥሮ መሳያ ድንጋይ ልታዝዙ ነው?

ባለ እጀታውን ምላጭ የምትስሉበት የተፈጥሮ ድንጋይ ስትፈልጉ ቁጥር አትፈልጉ። የፋብሪካው በልስላሴው መጠን 1000፣ 8000 እየተባለ ይሸጣል። ከመሬት የወጣው ግን ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶም ወንድሙን አይመስልም። ስለዚህ ሻጩን «ይሄ ራሱ ድንጋይ በምላጭ ተሞክሯል ወይ?» በሉት። ለቢላ ጥሩ የሆነው ለምላጭ ሊሻክር ይችላል።

ፎቶ ስትጠይቁ ድንጋዩ ረጥቦ ይነሳ። ስንጥቁ ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው። መስመር ሁሉ ግን ችግር አይደለም፤ ጥፍር የሚይዘውን ፍሩ።

እኔ ኮቲኩል የሚባለውን የቤልጂየም ድንጋይ እወዳለሁ። ውስጡ ጋርኔት የሚባል ጠንካራ ማዕድን ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ። ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በትንሽ ድንጋይ ስታሹት ወተት የመሰለ ጭቃ ያወጣል፤ በዚያ ቶሎ ይስላል። ውሃ እየጨመራችሁ ስታቀጥኑት ደግሞ ስለቱን ያለሰልሳል። ቅርጹ የተዛባውን ቁራጭ እዘዙ፤ ድንጋዩ ያው ነው፣ ዋጋው ይቀላል። 15 በ5 ሳንቲሜትር ይበቃል (ትልቁን የገዛ ሰው ነው የሚነግራችሁ)።

ሲደርሳችሁ ፊቱን በእርሳስ አስምሩና፣ መስታወት ላይ በተዘረጋ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት እሹት። እርሳሱ መሃል ላይ ከቀረ ድንጋዩ ጎድጉዷል፤ እስኪጠፋ ቀጥሉ።