የአዮን አኩስቲክ ሞገድ በአርጎን ፕላዝማ ውስጥ አልታዘዝ ሲል

ይህ ጽሑፍ በቫኪዩም ክፍል ውስጥ በጋለ ፊላመንት አርጎንን አዮናይዝ አድርገው፣ በዚህ መንገድ በተፈጠረው ፕላዝማ (የአዮኖችና የኤሌክትሮኖች ጋዝ) ውስጥ በተሰቀለ የብረት ወንፊት አማካይነት የአዮን አኩስቲክ ሞገድ፣ ማለትም በአዮኖቹ መካከል እንደ ድምፅ የሚጓዝ ሞገድ፣ ለሚልኩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት 2 ኤሌክትሮን ቮልት (በፕላዝማ ሥራ ሙቀት የሚገለጽበት የጉልበት መለኪያ) ያህል ሆኖ አዮኖቹ ከዚያ እጅግ የቀዘቀዙ ከሆኑ ሞገዱ በሴኮንድ 2.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የሚታየው ነገር ሁሉ የሚመዘነውም በዚህ ቁጥር ነው።

ምልክት፦ ኦሲሎስኮፑ ላይ ያማረ ሞገድ ይታያል፤ ይሁንና ተቀባዩ ፕሮብ (ፕላዝማው ውስጥ የገባው መለኪያ ዘንግ) ቢርቅም ቢቀርብም ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ካለበት ቦታ ንቅንቅ አይልም።
መንስኤ፦ የሚታየው ከወንፊቱ ወደ ፕሮቡ በቀጥታ የዘለለ ሲግናል እንጂ በፕላዝማው ውስጥ የተጓዘ ሞገድ አይደለም። ብዙ ቀን የሚያባክነው ይኸኛው ነው።
መፍትሄ፦ የማያቋርጥ ሲግናል መላክ ትተው በ100 ኪሎኸርዝ ሦስት ዙር ብቻ ይላኩ። የዘለለው ሲግናል በ30 ማይክሮሴኮንድ ውስጥ ያበቃል፤ እውነተኛው ሞገድ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ወደተቀመጠ ፕሮብ ለመድረስ 45 ማይክሮሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ተለያይተው ይታያሉ።

ዘግይቶ የደረሰ ሁሉ ሞገድ ነው ማለትም አይደለም። በወንፊቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲጨምር ፍጥነቱም የሚጨምር ከሆነ፣ የደረሰው ወንፊቱ ገፍቶ የለቀቃቸው አዮኖች መንጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ፍጥነቱ በቮልቴጅ መለዋወጡን እስኪተው ድረስ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ይገባል።

ምልክት፦ ሞገዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሳይሄድ ይከስማል።
መንስኤ፦ አንድም አዮኖቹ ከገለልተኛ የአርጎን አተሞች ጋር መጋጨታቸው ነው፤ አንድም የፊዚክስ ሊቁ ሌቭ ላንዳው እ.ኤ.አ. በ1946 በስሌት ያሳየው ክስተት፣ ማለትም ከሞገዱ ጋር ተቀራራቢ ፍጥነት ያላቸው ቅንጣቶች ጉልበቱን መውሰዳቸው ነው። የአዮኖቹ ሙቀት ወደ ኤሌክትሮኖቹ በተጠጋ መጠን ይህ ይበረታል።
መፍትሄ፦ የጋዙን ግፊት መቀነስ፤ ግጭቱ ሲቀንስ ኤሌክትሮኖቹም አብረው ይሞቃሉ። ሞገዱን ሆን ብሎ ቶሎ ማክሰም ለሚፈልግ ደግሞ ጥቂት ሂሊየም ማስገባት ይበቃል፤ ቀላሎቹ የሂሊየም አዮኖች በተፈጥሯቸው ከሞገዱ ፍጥነት ጋር ይቀራረባሉና።

ምልክት፦ ከ1 ሜጋኸርዝ በላይ ምንም አያልፍም።
መንስኤና መፍትሄ፦ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ቢሊዮን አዮን ሲኖር የአርጎን ጣሪያ፣ ማለትም ሞገዱ ሊያልፍ የሚችልበት ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ፣ እዚያው አካባቢ ነው። የዲስቻርጁን ከረንት (ፕላዝማውን የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት) በመጨመር እፍግታውን አራት እጥፍ ማድረግ ጣሪያውን እጥፍ ያደርገዋል።

ምልክት፦ ጠዋት የተለካው ፍጥነት ከሰዓት በኋላ ሌላ ይሆናል።
መንስኤና መፍትሄ፦ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ተለውጧል። ሞገዱን ከመውቀስ በፊት በላንግሙየር ፕሮብ (ፕላዝማው ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሮኖችን ሙቀት የሚለካ ትንሽ የብረት ዘንግ) ሙቀቱን እንደገና ይለኩ።