ለዓይን የተገዛ ለድስት አይሆንም፦ የጥቢ ገበያ ስህተቶች

ክረምቱ ሲወጣ የድሬ ዳዋው ገበያ ቀፊራ መግባት አደጋ አለው። ለኪስ ማለቴ ነው። ከደንገጎ በላይ ካለው ደጋ የወረደው ሁሉ እዚያ ተዘርግቷል። ዱባው፣ ጥንቅሹ፣ የማሽላ እሸቱ፣ ለውዙ፣ ግሽጣው። ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ገብቶ በሁለት ዘንቢል ይወጣል። እኔ ደግሞ ድግስ አብስዬና ቤት አስጌጬ የማድር ሰው ነኝ፤ በሦስት ዘንቢል ነው የምወጣው።

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ዱባ የተደረደረበት የፈረንጅ ቤት አሳየችኝ። «አቦ፣ እኛስ ዱባ አጣን እንዴ? መጀመሪያ ቤቱን አስጌጥበታለሁ፣ ከዚያ አበስለዋለሁ» አለችኝ። ሐሳቧ አይከፋም። ግን በዚህ ሥራ ላይ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህችው «ከዚያ አበስለዋለሁ» ከምትል ነገር ነው። የጥቢ እቃ እርጥብ ነው። ወይ ዛሬ ይበላል ወይ በደንብ ይደርቃል። መሀል ላይ ስናንጠለጥለው ይበላሻል።

ከዱባው ልጀምር፤ እሱ ጌጥም ወጥም መሆን ስለሚችል።

ዱባን በጭራው ማንጠልጠል

ጭራ የምለው ከሐረጉ ጋር ያያይዘው የነበረውን ያን አጭር ደረቅ ዱላ ነው። በእሱ ስታንጠለጥሉት ከተነቀለ ቦታው ላይ ቁስል ይቀራል። በዚያ በኩል ብስባሽ ይገባና ዱባው ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይፈርሳል። ጭራው የተሰበረ ካገኛችሁ ለዛሬ ድስት ግዙት፣ ለመደርደሪያ አይሆንም። ልጣጩን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን በሉት። ጥፍር ካስገባ ገና አልጠነከረም፣ አይቆይም። ቤት ሲገባ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አትጠቡት። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ያልበዋል። ቁራጭ ጣውላ ወይም ጭድ ይበቃዋል።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለዱባ ግን ሌላ አገር ነው። ሐረር ጥላ ያለው ጥግ ካገኘ ሁለት ወር ተቀምጦ አይቻለሁ። ድሬ ላይ ከሦስት ሳምንት በኋላ አላምነውም።

እንደ ፈረንጆቹ ፈልፍላችሁ ሻማ ልታስገቡበት ካሰባችሁ ደግሞ በሦስተኛው ቀን የዝንብ እርባታ ከፍታችኋል። መፈልፈል ካማራችሁ ቅል አለ። የደረቀ ቅል፣ ስትነቀንቁት ፍሬው የሚንኮሻኮሽ። እሱ ላይ የፈለጋችሁትን ቅረጹ።

ሳይቀምሱ ወጥ መሥራት

ዱባ ከትፋችሁ ድስት ከመክተታችሁ በፊት አንዲት ቁራጭ በጥሬዋ በምላሳችሁ ጫፍ ቅመሱ። መራራ ከሆነች ትፏትና ዱባውን እንዳለ ጣሉት። ምሬቱ ኩከርቢታሲን ከሚባል ነገር ነው፤ ቢበስል አይጠፋም፣ ሆድ ያገለባብጣል። ይህን የምለው ጠቢብ ስለሆንኩ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ መራራ ዱባ በበርበሬ ልሸፍነው ሞክሬ ነበር። ደግነቱ ቀማሾቹ የቤት ሰዎች ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ በተራ በተራ በር ስንከፍት አደርን።

ዱባ ወጥ ላይ ውሃ አትጨምሩ። ዱባው ራሱ ውሃ ነው።

በለስን ስፌት ላይ መደርደር

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል።

አክስቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። የሐረሪ ቤት ያየ ያውቀዋል። ከፍና ዝቅ ያለው መደብ፣ ነደባ የሚሉት፣ ከበላዩ ግድግዳውን የሞላው ስፌትና ሳህን። አንድ መስከረም እንግዳ ይመጣል ተብሎ እኔ ቤት ላስጌጥ ተላክሁ። ሸዋ በር ላይ በለስ አየሁ። ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ ቢጫው። ዓይኔን ስቦኝ ገዛሁ። ትንንሽ እሾሁን ያጥብልኛል ብዬ በውሃ አለቀለቅሁት። ከግድግዳው ትልቁን የአለላ ስፌት አወረድኩና ከነእርጥበቱ ቆልዬ ነደባው መሀል አስቀመጥኩት። እንግዶቹ ፎቶ አነሱ። እኔም ኮራሁ።

ማታ በለሱ ሲነሳ የስፌቱ ቀይ ወደ ነጩ ፈሷል። አለላ ቀለም የገባ ሣር ነው፤ ውሃ ሲነካው አንዳንዱ ይለቃል። እሱስ ይሁን። በሳምንቱ አክስቴ ዳቦ ብታወጣበት አንዱ ልጅ ምላሱን ይዞ ጮኸ። የበለስ እሾህ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁን ታዩታላችሁ። ትንሹ ፀጉር ይመስላል፤ ብዙ ብዙ ሆኖ ልጣጩ ላይ ይቆማል፣ ሲነኩት ይረግፋል። ስፌቱ በድርድር የተሠራ ነው፣ እሾሁ በየድርድሩ መሀል ገብቶ ተቀምጧል። አራገፍነው፣ ቦረሽነው፣ በፕላስተር እየለጠፍን አነሳንለት። እምቢ አለ።

አክስቴ አልተቆጣችም። «ይህን የሰፋችው ሴት ዛሬ የለችም» አለች። ከዚያ ራሷ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ዳቦ አልተያዘበትም።

በለስ ለጌጥ ካማራችሁ የሸክላ ወይም የብረት ሳህን ላይ ይሁን፣ ልጅ ከማይደርስበት። ለመብላት ከሆነ የሚሸጡት ልጆች ይላጡላችሁ። ሁለቱን ጫፍ ቆርጠው፣ ጎኑን ሰንጥቀው ልጣጩን እንደ ካፖርት ያወልቁለታል፤ ፍሬውን ጣታቸው ሳይነካው እጃችሁ ላይ ያደርሱታል። ብዙ አትብሉ። ፍሬው ሆድ እንደሚያደርቅ የሐረርጌ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፣ ከደረሰበት በኋላ።

እርጥብ ለውዝ በፌስታል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ቀድሜ ይቅርታ።

ከጥቅምት ጀምሮ ከባቢሌና ከአካባቢው አዲስ ለውዝ ይገባል። አዲስ አበባ ኦቾሎኒ የሚሉት ነው። አፈሩ ገና ከቅርፊቱ አልለቀቀም። ከነቅርፊቱ በጨው ውሃ ተቀቅሎ ትኩሱን ሲበላ ከሱ የሚበልጥ መክሰስ አላውቅም። ሰዉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ረከሰ ብሎ አምስት ኪሎ ይገዛል። በፌስታል ጥፍር አድርጎ ያስራል። አልጋ ሥር ይወረውረዋል። የባሰበት ደግሞ በብርጭቆ ማሰሮ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጠርቅሞ፣ ሪባን አስሮ ሳሎን ያስቀምጠዋል። ማሰሮው በውስጥ በኩል ያልበዋል። ላቡን እያየ እንኳ አይከፍተውም! በሳምንቱ ቅርፊቱ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ዱቄት ይወጣል። ያኔ «ግድ የለም፣ ቆላ አድርጌ ለሻይ አደርገዋለሁ» ይላል።

አይደረግም። ያ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያወጣ ይችላል። የሚያጠቃው ጉበትን ነው፤ የጉበት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ እንደሆነ የታወቀ ነው። መቁላት ሻጋታውን ይገድል ይሆናል፣ መርዙን ግን ጨርሶ አያጠፋውም። የምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ ይህ ችግር እንዳለ አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ለውዛችን ክፉ ሆኖ አይደለም። አንዱ ምክንያት እርጥቡን አፍነን ማስቀመጣችን ነው።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ደግሞ መልቀሙ ነው። ሙሉ ሙሉው ለእንግዳ ይለያል። የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ የተሰባበረው «ለለውዝ ሻይ ይሆናል» ይባላል። ስለሚፈጭ አይታይም ነው ነገሩ። የማይታየው ለማን ነው? ጉበት ዓይን የለውም እንዴ? አንድ ሻይ ቤት ጓዳ ገብቼ እንዲህ ያለ ክምር ካየሁ ወዲህ የለውዝ ሻይ ቤቴ ብቻ ነው የምጠጣው። የሚጣል መጣል አለበት። ለዶሮም አትስጡት።

የሚደረገው ቀላል ነው። በገዛችሁበት ቀን ወይ ቀቅሉት ወይ አስጡት። ሰሌን ላይ በስሱ ይሰጣ፣ አፈር ላይ አይሁን። ሲመሽ አስገቡት፣ ጤዛ እንዳይነካው። ከቀናት በኋላ አንዷን አንስታችሁ ጆሯችሁ ሥር ነቅንቋት። ፍሬዋ ከውስጥ ካልተንኳኳች ገና ናት። ስትንኳኳ ጆንያ ወይም የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡ። ማሰሮ ውስጥ ማሳየት የፈለገ ያኔ ያሳይ፣ ክዳኑን ግን ይተወው።

ግሽጣን ከነፍሬው መፍጨት

ጥቁሩ ፍሬ መርዛማ ነው። ሳይሰበር ቢዋጥ አልፎ ይሄዳል፣ ተፈጭቶ ግን ጁስ ውስጥ መግባት የለበትም። ሥጋውን በወንፊት በእጅ አሹት፣ ፍሬው ከላይ ይቅር፣ ከዚያ ወደ መፍጫው። ግሽጣ ስትመርጡም የልጣጩ ጓል ጓል ተራርቆ በመሀሉ ቢጫ የገባውን ውሰዱ። ድርቅ ያለውን ፍሪጅ ብትከቱት ሳይበስል ይጠቁራል። መንገድ የሚሄድ ሰው ደግሞ የበሰለውን ከዘንቢሉ ሥር አያድርገው፤ ይህን መጻፍ የነበረብኝ አይመስለኝም ነበር፣ ግን በየዓመቱ አያለሁ።

የቡና ቅርንጫፍ መስበር

ቀዩ እሸት ቡና ያምራል፣ አልክድም። ግን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ረከቦት ጎን ስታቆሙት የገበሬውን ቡና ነው የቆረጣችሁት፤ የዘንድሮውንም፣ ያ ቅርንጫፍ አድጎ ለከርሞ የሚሰጠውንም። ከገዛችሁ የተለቀመውን ግዙ። እሱንም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ብትከምሩት በሁለተኛው ቀን ጠጅ ጠጅ መሽተት ይጀምራል። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ለጌጥም ለጓዳም ጀንፈሉ ይሻላል። አይሸትም፣ ሲንኮሻኮሽም ደስ ይላል፣ ጌጡ ሲሰለቻችሁ ገለባው ከወተትና ከጨው ጋር ሆጃ የሚባለው መጠጥ ይሆናል። በቅቤ የሚበስለውን ቡና ቀላ ለመሥራት በእርጥቡ የሞከረች አንዲት ጀማሪ አውቃለሁ። ቅቤው ጣሪያ ደርሷል።

አደይ አበባ ለድሬ ከፈለጋችሁ በማለዳ ተቆርጦ፣ ግንዱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይምጣ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ቄጤማ ደግሞ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። ሽማግሌ የሚገባበት በር ላይ አትጎዝጉዙ።

ማሽላን ደጅ ማሳደር

የማሽላ ዛላ ለጌጥ የመሰለው የለም። ግን እሸቱን ትልቅ ነዶ አድርጎ ያሰረ ሰው ከመሀሉ ይሻግትበታል። በትንሽ በትንሹ አስራችሁ፣ ዘቅዝቃችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት፣ ሁለት ሳምንት ያህል። ጎተራና ዱቄት አጠገብ አይሁን፣ ነቀዝ አብሮ ይገባል። ለመጥበስ የገዛችሁትን ደግሞ ለማታ አታቆዩ። እሸት በገባበት ቀን ፍም ላይ ተጠብሶ፣ ትኩሱን በመዳፍ ታሽቶ፣ እፍ ተብሎ ነው። በማግስቱ ይጠጥራል፣ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል።

ሌላው የደጅ ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ድሬ ውስጥ አንድ ሰርግ ያዝኩ። የግቢውን በር ከነዛላው በማሽላ አገዳ ቅስት ሠራሁለት። ከመሀል ጥንቅሽ፣ ከግርጌው ዱባ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ጨርሼ ቆሜ አየሁት፤ በሕይወቴ የዚያን ያህል የሚያምር ነገር አልሠራሁም። ዘበኛው «እኔ አለሁ» አለኝ። ድሬ ደግሞ ፍየል በየሰፈሩ እንደ ሰው ይንቀሳቀሳል። ንጋት ላይ ስመለስ ቀጥ ብሎ የቆመው ሽቦው ብቻ ነበር። አራት ፍየሎች ከዱባው ጎን ተኝተው ያመሰኳሉ። ዘበኛውም ተኝቷል።

ሙሽሮቹ በፕላስቲክ አበባ ገቡ። በማግስቱ የፍየሎቹ ባለቤት እቤቴ ድረስ መጡ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው፣ ሻይ ቀዳሁ። ሻዩን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ከዚያ አገዳ የተረፈ የለሽም?» አሉኝ።