ክሩዙ እምቢ ሲል መሪውን ሳይሆን ስቶፕ መብራቱን እዩ

ማታ ማታ ብቻ የሚጠፋ ክሩዝ ኮንትሮል (ነዳጅ ሳትረግጡ ፍጥነቱን ይዞ የሚሄደውን ማለቴ ነው) አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ መኪና እንደዛ ሆና ነበር። ቀን ከአሰንዳቦ ወደ ሰርቦ ስመጣ 80 ላይ አስይዣት እግሬን ዘርግቼ እሄዳለሁ፣ መሸት ብሎ መብራት ሳበራ ግን ብጫን ብጫን እሺ አትልም፣ እሱም ሁሌ ቢሆን ጥሩ፣ አንዳንድ ማታ ይይዝልኝና የሆነ ጉድጓድ ስመታ ይለቃል። ሁለት ወር ተደናብሬበታለሁ። ከታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው፣ የቀሩትን እዚሁ ጅማ ጓደኞቼ ሲሰሯቸው ያየኋቸው ናቸው።

የሁሉም እናት የሆነው ስህተት ክሩዙንና የፍሬን መብራቱን (ስቶፑን) ሁለት የተለያየ ብልሽት አድርጎ ማሰብ ነው። ከዳሽቦርዱ ስር አንገታችሁን ጠምዝዛችሁ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ላይ ብትከተሉት ጫፉ ጋር አውራ ጣት የምታክል ስዊች ታገኛላችሁ። ብዙ መኪና ላይ አራት ሽቦ ይገባባታል። ውስጧ ሁለት መገናኛ አለ፣ አንዱ ፔዳል ሲረገጥ ይገናኝና ስቶፕ መብራቱን ያበራል፣ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ሲረገጥ ይለያይና ሰውየው ፍሬን ይዟል ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ያያል፣ አንዱ ብቻ እንኳን ፍሬን ተይዟል ካለ ወይ ሁለቱ የሚሉት ካልተስማማለት ክሩዙን ይለቀዋል፣ ልክም ነው፣ ፍሬን ተይዞ ነዳጅ የሚሰጥ መኪና ማን ይፈልጋል። እና ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የኋላ መብራታችሁን እናንተ አታዩትም፣ ክሩዙን ግን ታያላችሁ፣ ስለዚህ ስቶፑ መስመር ላይ ጣጣ ሲፈጠር መጀመሪያ የሚያሳብቀው ክሩዙ ነው። እኛ ደግሞ የነገረንን ትተን ነጋሪውን እንፈታታለን።

እኔም ያደረግኩት እሱን ነው። አንዱ መሪ ላይ ያለው ስዊች ነው አለኝ፣ አዲስ አበባ አስልኬ አስገዛሁና ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። ሌላው መጥቶ መሪው ውስጥ የሚጠቀለለው ስፓይራል ኬብል ነው አለ። እሱን በነጻ ማረጋገጥ ይቻል ነበር፣ የክላክሱና የኤርባጉ ኮረንቲም በእሱ ነው የሚያልፈው፣ ክላክሱ የሚሰራ ከሆነ፣ የኤርባግ መብራትም ዳሽቦርድ ላይ ካልበራ፣ ኬብሉ የመጨረሻ ተጠርጣሪ ነው መሆን ያለበት። ደግሞ መሪ የሚፈታ ሰው የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳያላቅቅና አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይጠብቅ ከጀመረ አስቁሙት፣ እዛ ውስጥ ያለው ኤርባግ ነው፣ በቴስት ላምፕ (ኮረንቲ መፈተሻ አምፖል) የሚነካካ ነገር አይደለም።

ሌላው ስህተት መኪናውን ጋራዥ በር ላይ አቁሞ ፔዳል ረግጦ በራ በቃ ይሰራል ማለት ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽት ቆሞ አይያዝም፣ ወይ ንዝረት ይፈልጋል ወይ ሙቀት ወይ ዝናብ፣ ዝናብ ደግሞ ጅማ ላይ አይጠፋም። የሚሻለው ማታ ወደ ግድግዳ ወይ ነጣ ወዳለ አጥር በኋላ ማርሽ ተጠግታችሁ በመስታወት ቀዩን ብርሃን እያያችሁ መሞከር ነው። ፔዳሉን በጣም በቀስታ ንኩት፣ ከዛ ልቀቁት፣ ከዛ በእግር ጣታችሁ ከስር ወደ ላይ ግፉት። ወደ ላይ ስትገፉት ብቻ የሚጠፋ ስቶፕ ካለ ስዊቹ ተንሸራቷል ወይም ፔዳሉ ላይ ስዊቹ የሚያርፍባት ትንሿ ጎማ ተሰባብራ ወድቃለች፣ ምንጣፉ ላይ የሆነ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካገኛችሁ እሷ ናት። ጉድጓድ ስትመቱ ፔዳሉ ቅንጣት ታህል ስለሚነቃነቅ ክሩዙ የሚለቀው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ረግጣችሁም ካልበራ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ማርሹ ከፒ (ፓርክ) አልወጣም ካለ፣ ስዊቹ ራሱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ነገር የኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሀዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ለጥገና መልሰው የጠሩት በዚህችው የፍሬን መብራት ስዊች ምክንያት ነው።

ለሰሪው መቼ መቼ እንደሚጠፋ አለመንገርም አለ። ክሩዝ አይሰራም ብቻ ብሎ ቁልፍ ሰጥቶ ቡና ሊጠጣ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መብራት በርቶ ነበር ወይ፣ ዘንቦ ነበር ወይ፣ ፍጥነት ስንት ነበር፣ ሞባይላችሁ ላይ ጻፉት። (አንድ ጓደኛዬ እዚሁ ጅማ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ባጃጅ ለባጃጅ እየተጋፋ ክሩዙ አልያዝ አለኝ ይላል፣ ኧረ በስማም፣ አብዛኞቹ ቶዮታዎች ከ40 በታች ጭራሽ አይቀበሉም።)

ፊውዝ ሲቃጠል ትልቁን መሰካት፣ ባስ ሲል በሲጋራ ወረቀት መጠቅለል፣ እሱን ብዙ አላወራበትም፣ 15 የሚለው ቦታ 30 ከሰካችሁ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ስቶፑ ባይበራ ምን አለበት ፍሬኑ ይይዛል የሚሉ ደግሞ አሉ። ጊቤ በረሃን የወረደ ሰው እንዲህ ማለቱ ይገርመኛል፣ ከኋላህ የተጫነ ሲኖትራክ እየወረደ አንተ ሳታሳየው ስትቆም እሱ በምን ይወቅ? ሁልጊዜ በርቶ የሚቀረውም ያው ነው፣ መቼ እንደያዝክ አይለይም። ቁልቁለትና እርጥብ አስፋልት ላይ ክሩዙ ቢሰራም አትጠቀሙበት።

አሁን ወደኔዋ ጉድ። በመጨረሻ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሰሩ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ወሰዱኝ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። መሪውን ዞር ብለው አላዩትም። ልጄ መብራት አብራ ብለው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ፍሬን አልነካሁም፣ እሳቸው ግን ከኋላ መስታወቱ ጋ ያለችው ሦስተኛዋ ስቶፕ በርታለች አሉ! ከዛ መብራቱን አጥፋና ፍሬን ርገጥ አሉኝ፣ ስረግጥ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ በራ፣ ለካ ቀንም ሲበራ ኖሯል፣ ፀሐይ ላይ ማን ያየዋል።

ከሦስት ወር በፊት የግራ ኋላ አምፖል አስቀይሬ ነበር። የኔ መኪና የምትፈልገው ባለ ሁለት ክር ነው፣ 5 ዋቱ ለማታው መብራት፣ 21 ዋቱ ለስቶፕ፣ ቂጡ ላይ ሁለት ነጥብ አለው፣ የጎኑ ሁለት ጆሮዎችም እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም፣ ሰው እንዳይሳሳት ተብሎ ነው። የገባልኝ ግን ባለ አንድ ክር፣ በጉልበት ተጠምዝዞ። የእሱ አንድ ነጥብ የሶኬቱን ሁለት መገናኛ አንድ ላይ ያያይዛቸዋል፣ ስለዚህ የማታ መብራት ሳበራ ያ ኮረንቲ ወደ ስቶፑ መስመር ያልፋል (ፍሬን ስረግጥ ደግሞ በተቃራኒው)፣ ኮምፒውተሩም ፍሬን የያዝኩ ይመስለዋል፣ ክሩዝ የለም። አምፖሉ በደንብ ስላልተቀመጠ ደግሞ አንዳንዴ ይነካል አንዳንዴ አይነካም፣ ያ ነው ጉድጓዱ። ማሳውም (ኮረንቲው ወደ መኪናው ብረት የሚመለስበት) ዝጎ ነበር፣ ማሳ ሲጎድል ኮረንቲ በሌላ አምፖል ዞሮ መውጫ ስለሚፈልግ ተመሳሳይ እብደት ያመጣል፣ ፍሬን ስትይዙ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ እሱን ጠርጥሩ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ትክክለኛውን አምፖል ከተቱ፣ አለቀ። ሻይ እንኳን ሳልጨርስ።

የዛኑ ዕለት ማታ መብራት አብርቼ እስከ ሰርቦ ሄድኩ፣ ያዘ፣ አለቀቀም። ከመሪዬ ላይ የተነቀለው አሮጌው ስዊች፣ ምንም ያልነበረበት ማለት ነው፣ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ የሚፈልግ ካለ ያናግረኝ።