ዲስትሪክቱ የንባብ ካሪኩለም ሲቀይር ወላጅ መቼና በየት በኩል ይግባ?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምታስተምሩ ከሆነ አንድ ቀን የአካባቢያችሁን ትምህርት ቤቶች ከሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ይሄ ኢሜይል ይደርሳችኋል፦ «ዲስትሪክታችን አዲስ የላንጉጅ አርትስ ካሪኩለም ሊመርጥ ነው፤ አስተያየታችሁን ስጡን።» ብዙዎቻችን ሳንከፍተው እናልፈዋለን። ሥራ አለ፣ ድካም አለ፣ «እነሱ ያውቁበታል» የሚል እምነትም አለ። ግን ላንጉጅ አርትስ ማለት ማንበብና መጻፍ ነው። ልጃችሁ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰዓት የሚማረው ትምህርት ነው። አንዴ ከተገዛ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ጉዳዩ የሚያልቀው የዲስትሪክቱ የትምህርት ቦርድ ድምፅ በሚሰጥበት ማታ አይደለም። ያ ማታ ሲደርስ አብዛኛው ነገር አልቋል፤ የዲስትሪክቱ ዋና ኃላፊ፣ ሱፐርኢንተንደንቱ፣ አንድ ፕሮግራም (የተማሪ መጽሐፍና የመምህር መመሪያ ጥቅል) ይዞ ይቀርባል፣ ቦርዱም አብዛኛውን ጊዜ ያጸድቃል። የዚያን ቀን ማይክ ይዞ መቆጣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። እውነተኛው ውሳኔ ከወራት በፊት፣ መጽሐፉን የሚመርጠው ኮሚቴ ሲዋቀርና ለፕሮግራሞቹ ነጥብ የሚሰጥበት ቅጽ ሲጻፍ ነው የሚወሰነው።

መጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እወቁ

አገር ቤት መጽሐፉ ከትምህርት ሚኒስቴር ወይም ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ይወርዳል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። አገሪቱ ውስጥ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ዲስትሪክቶች አሉ፣ አሠራሩም ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ቨርጂኒያ በ2022 ባወጣችው የንባብ ሕግ መሠረት ዲስትሪክቶች ስቴቱ ካጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ነው የሚመርጡት። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ወይም ፌርፋክስ ያላችሁ፣ ክርክራችሁ «ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው?» የሚል ነው የሚሆነው። ሜሪላንድ ውስጥ ምርጫው የካውንቲው ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በኤለመንተሪ ይጠቀምበት የነበረውን ቤንችማርክ አድቫንስ ትቶ ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ኮር ኖውሌጅ ላንጉጅ አርትስ ወደሚባለው ገብቷል። ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትልን ጨምሮ፣ ዲስትሪክቱ የመጽሐፍ መራጭ ኮሚቴ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ወላጆችም አባል መሆን ይችላሉ፣ ቁጥራቸው ግን ከግማሽ በታች መሆን አለበት። ኒውዮርክ ከተማ በ2023 ለ32ቱ የማኅበረሰብ ዲስትሪክቶቿ ሦስት ፕሮግራም ብቻ አቅርባ «ከእነዚህ ምረጡ» አለች፤ 22ቱ ያንኑ አንድ ፕሮግራም መረጡ። ቴክሳስ ደግሞ የስቴቱ ቦርድ ብሉቦኔት የተባለውን የራሱን ፕሮግራም በኖቬምበር 2024 በ8 ለ7 ድምፅ ነው ያሳለፈው። ጭቅጭቁ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ስለገቡበት ነበር። ዲስትሪክቶች እንዲወስዱት አይገደዱም፣ ግን ለሚወስድ በአንድ ተማሪ እስከ 60 ዶላር ተጨማሪ ገንዘብ አለ። ገንዘብ ሲኖር ምርጫው ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አይከብድም።

እና የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፦ ስቴታችን የጸደቀ ዝርዝር አለው ወይስ ዲስትሪክቱ ነፃ ነው? ለካሪኩለም ክፍሉ በኢሜይል ጠይቁ። የኢሜይል መልስ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ኋላ ይጠቅማችኋል።

የጊዜ ሰሌዳው

ቦርዱ ብዙ ጊዜ የሚያጸድቀው ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነው፣ መጽሐፉ በበጋ እንዲደርስና መምህራን እንዲሠለጥኑ። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ኮሚቴው በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ይዋቀራል፣ አንዳንዱ ዲስትሪክት አንድ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ቀጥሎ የጨረታ ጥሪ ለአሳታሚዎች ይወጣል። የመጡት ይጣራሉ፣ ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ ሁለት ወይም ሦስት ይቀራሉ። የቀሩት በተወሰኑ ክፍሎች ለጥቂት ሳምንታት ይሞከራሉ። ከዚያ ለሕዝብ እይታ ይቀርባሉ፣ ከዚያ ወደ ቦርድ።

ኮሚቴው ውስጥ የሚበዙት መምህራን ናቸው፣ እንደዚያም መሆን አለበት። ግን የወላጅ ወንበር ካለ ማመልከቻው አጭር ነው፣ ሙሉት። ስትገቡ ከአሳታሚ ስጦታ እንዳትቀበሉና ጨረታው እስኪያልቅ የውስጡን እንዳታወሩ ሊያስፈርሟችሁ ይችላሉ፤ የተለመደ ነገር ነው፣ አያስፈራችሁ። ስብሰባው ቀን ላይ ሆኖ ከሥራ የሚያስቀራችሁ ከሆነ፣ ማታ ወይም በዙም እንዲሆን ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

መግባት ካልቻላችሁ የነጥብ መስጫውን ቅጽ ጠይቁ። በእኔ እምነት ከሁሉም ሰነድ ይሄ ይበልጣል። የመጽሐፉ ጥራት ስንት ነጥብ አለው? የፎኒክስ፣ ማለትም ፊደልን ከድምፅ ጋር የማገናኘቱ ትምህርት ስንት? ገና እንግሊዝኛ እየተማሩ ላሉ ልጆች የሚሰጠው ድጋፍስ? ከመቶ ሦስት ወይም አራት ነጥብ ብቻ ተሰጥቶት ታች ላይ ተወሽቆ ካገኛችሁት፣ መናገር ያለባችሁ አሁን ነው፣ ቅጹ ገና ሳይጸድቅ።

ኤድሪፖርትስ የሚባል ገለልተኛ ገምጋሚ ድርጅት አለ፤ ለየፕሮግራሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሰጣል። ብዙ ዲስትሪክት «አረንጓዴ ያገኘውን ብቻ ነው የምናየው» ይላል። ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን እዚያ አያበቃም። ድርጅቱ ራሱ በንባብ ሳይንስ (ልጆች ማንበብን እንዴት እንደሚማሩ በሚያጠናው ምርምር) በኩል ትችት ሲበዛበት መመዘኛውን አሻሽሏል። አረንጓዴ ምልክቱ እናንተ መጽሐፉን ከመግለጥ አያድናችሁም።

መጽሐፉን ስትገልጡ ምን ታያላችሁ?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ፕሮግራሞች በዲስትሪክቱ ቢሮ ወይም በቤተ መጻሕፍት በካርቶን ይቀመጣሉ፤ ለኦንላይኑም የመግቢያ ስም ይሰጣችኋል። ሥራ ላይ የዋለውን የትምህርት መሣሪያ ማየት ደግሞ ፒፒአርኤ በሚባለው የፌዴራል ሕግ የወላጅ መብት ነው። «የመምህሩን መመሪያ አሳዩኝ» በሉ። የተማሪው መጽሐፍ ቀለሙ ያማረ ነው፣ እውነቱ ያለው ግን መመሪያው ውስጥ ነው።

የ1ኛ ክፍሉን አውጡና መሐሉን ግለጡ። የመጀመሪያውን ትምህርት ተዉት፣ እሱን አሳታሚው ሁልጊዜ አሳምሮ ነው የሚሠራው። የዚያን ቀን የሚማሩት ድምፅ «ሽ» ነው እንበል፤ እንግሊዝኛ ኤስ እና ኤች የሚባሉትን ሁለት ፊደላት አጣምሮ የሚጽፈው። አሁን ልጁ በዚያው ሳምንት የሚያነባትን ትንሽ መጽሐፍ ፈልጉ። ሺፕ፣ ሾፕ፣ ፊሽ የሚሉ ቃላት ሞልተውባታል? ከሆነ ጥሩ፤ የተማረውን ይለማመዳል። ያልተማራቸው ቃላት የሞሉባት ስለ ተራራ የምታወራ መጽሐፍ ከሆነች ግን ልጁ ሥዕሉን አይቶ መገመት ይጀምራል።

መገመት ቀላል ችግር አይደለም። ገጹ ላይ «ፖኒ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሥዕሉ ፈረስ ነው፣ ልጁ «ሆርስ» ብሎ ያልፋል። ሐሳቡ ስለገባው «ጎበዝ» ይባላል፣ ግን ቃሉን አላነበበውም። በ4ኛ ክፍል ሥዕሉ ሲጠፋ ይቸገራል። መመሪያው ውስጥ «ሥዕሉን ተመልከት፣ ምን ቢሆን ይመስልሃል?» የሚል የቃል ማንበቢያ ዘዴ ካያችሁ በአስተያየት ቅጹ ላይ የገጹን ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉት። እኛ ሀ ሁ ሂ ስንቆጥር ማንም ሥዕል አይታችሁ ገምቱ አላለንም፤ ፊደሉ ድምፁን ይዞ ነው የመጣው። እንግሊዝኛ አንዱን ድምፅ በብዙ መንገድ ስለሚጽፍ በሥርዓትና በቅደም ተከተል መማር የበለጠ ያስፈልገዋል።

ይሄ የኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል በ2000 ባወጣው ሪፖርት አምስት ነገር ለይቷል፦ ድምፆችን መለየት፣ ፎኒክስ፣ ሳይደናቀፉ ማንበብ፣ የቃላት ሀብትና መረዳት። ለእኛ ልጆች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አጥብቃችሁ ተመልከቱ። ቤት አማርኛ የሚናገር ልጅ ቃሉን አጥርቶ አንብቦ ትርጉሙ ላይገባው ይችላል። ፕሮግራሙ አንድ ርዕስ ይዞ ሳምንታት የሚቆይ ከሆነ፣ ስለ ሰውነት ክፍሎች ወይም ስለ ጥንታዊት ግብፅ፣ ያው ቃል ደጋግሞ ስለሚመጣ ይለመዳል። ሰኞ ስለ ዓሣ ነባሪ፣ ማክሰኞ ስለ ልደት ድግስ ከሆነ ግን ቃሉ ሳይለመድ ያልፋል።

የገጹን ጠርዝም እዩ። «ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ተጨማሪ ድጋፍ ስጡ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ያ ምንም አይደለም። መምህሯ ምን ትበል፣ የትኛውን ቃል ቀድማ ታስተምር፣ ልጁ በምን ዓረፍተ ነገር ይመልስ፤ ይሄ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሙከራው፣ ገንዘቡ፣ ቦርዱ

ሙከራው የት እንደተካሄደ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ተማሪዎች በሌሉባቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ ከሆነ፣ ውጤቱ ስለ ልጃችሁ የሚነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው። መምህራኑ ከመሞከራቸው በፊት ምን ያህል እንደሠለጠኑም ጠይቁ።

ገንዘብ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ረከስ ብሎ ይታያል፣ ግን ልጆቹ የሚጽፉበት ደብተር በየዓመቱ ይገዛል፣ የኦንላይኑ ፈቃድ ያልቃል፣ ሥልጠናም ለብቻው ይከፈልበታል። «የሙሉ ኮንትራቱ ዘመን ዋጋ ስንት ነው? ሥልጠናውስ አለበት?» በሉ። ሥልጠናው ቀልድ አይደለም። ሚሲሲፒ በ2013 በ4ኛ ክፍል ንባብ ከስቴቶች ሁሉ ጭራ አካባቢ ነበረች፣ በ2019 የአገሪቱን አማካይ ደርሳለች። እዚያ የደረሰችው መምህራንን በንባብ ሳይንስ አሠልጥና፣ ደካማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አሠልጣኝ አስቀምጣ፣ ልጆችን በጊዜ ፈትሻ ነው። ዲስትሪክታችሁ መጽሐፍ ገዝቶ ሥልጠናውን ከቆረጠ ገንዘቡ ባከነ። ኔፕ በሚባለው አገር አቀፍ ፈተና በ2024 ከ4ኛ ክፍል ተማሪዎች 40 በመቶው ከመሠረታዊ ደረጃ በታች ነበሩ፣ ማባከኛ ጊዜ የለም።

ቦርድ ፊት ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ የሚሰጠው ጊዜም ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በአማርኛ ተናገሩ። ዲስትሪክት ጠቃሚ መረጃ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማድረስ አለበት፤ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 6ኛው ርዕስ (ታይትል ሲክስ) እዚህ ላይ ይሠራል። አስተርጓሚ ጥቂት ቀን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ሞንትጎመሪ ካውንቲን በመሰለ ቦታ አማርኛ የተለመደ የትርጉም ቋንቋ ነው፣ ሌላ ቦታ ግን ካልጠየቃችሁ አያስታውሷችሁም።

ንግግራችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑረው። ለምሳሌ፦ «ልጄ 1ኛ ክፍል ነው፣ ቤት አማርኛ ነው የምንናገረው። ከቀሩት ሁለት ፕሮግራሞች ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት ያሳየው የትኛው ነው? ማስረጃውን ለሕዝብ ትለቁታላችሁ?» በቃ። አሥር ቅሬታ ከደረደራችሁ አንዱም አይያዝላችሁም። ሌላ ወላጅ ይዛችሁ ብትሄዱና ያንኑ ጥያቄ በራሱ ልጅ ስም ቢጠይቅ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

ከጸደቀ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ለመምህራኑም አዲስ ነው፣ ትንሽ ይንገዳገዳሉ። በኦክቶበር መምህሯን የዓመቱን የዩኒት (የትምህርት ምዕራፍ) ዝርዝር ጠይቋት፤ አብዛኛው ፕሮግራም ለወላጅ የሚላክ ደብዳቤ አለው፣ በስፓኒሽ ብቻ ከመጣ በአማርኛ እንዲተረጎም ጠይቁ። ቀጣዩ ዩኒት ስለ ሰውነት ክፍሎች ከሆነ ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ምን እንደሚሠራ ሳምንት ቀድማችሁ ማታ እራት ላይ በአማርኛ አስረዱት። ክፍል ውስጥ ሲደርስ የሚጎድለው የእንግሊዝኛው ስም ብቻ ይሆናል።